የኢየሱስን ቁጣ የቆጠረችው አጸደ

አጸደ ከሆሳዕና አካባቢ ተነሥታ ሰበታ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር ከመቀጠል ጀምራ ጥራት ክፍል ደርሳለች። ሥራዋ በመብራት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች የተበጠሰውን፣ የተቋጠረውን፣ ዘይት የነካውን ማመልከት ነው። አንዴ ምልክት ካደረገች "ግድ የለም፣ ይለፍ" ብሎ ያስለወጣት አለቃ የለም።

የምትኖረው ኦቦ ገርባ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ኦቦ ገርባ ፋብሪካው ሳይመጣ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ የበር ጥበቃ ሥራ ተሰጣቸው፤ በገዛ ማሳቸው ላይ ቆመው የሠራተኛ ቦርሳ ይፈትሻሉ። አጸደን ኦሮምኛ ያስተማሯት ሚስታቸው ወይዘሮ ገለቴ ናቸው፤ ልብስ ሲያጥቡም፣ እህል ሲለቅሙም፣ አንድ ቃል ሳያስይዙ አይለቋትም።

በ2008 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሣ የፋብሪካው የምሳ ሰዓት ጨዋታ ተለወጠ። ሰው ስለ ፖለቲካ ማውራት ስለፈራ ስለ ሃይማኖት ማውራት አበዛ። አንድ ቀን አጸደ፣ ወታደሩም ሰልፈኛውም ኢየሱስን ቢመስል ኖሮ ይህ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር አለች። የኤሌክትሪክ ጥገናው ዘርሁን ዳቦውን አስቀመጠ።

"የትኛውን ኢየሱስ ነው የምንመስለው?" አላት።

ዘርሁን የወላይታ ልጅ ነው። ድሮ የመዘምራን አባል ነበር፤ መጽሐፉን ከእሷ የበለጠ ያውቀዋል። አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ወቅቱ ሳይሆን ፍሬ አላገኘሁብሽም ብሎ በለሲቱን ረግሟል። ስለ ታመመች ልጇ የለመነችውን ባዕድ ሴት የልጆች እንጀራ ለውሻ አይጣልም ብሏታል። እናቱን ደጅ አቁሞ እናቴ ማን ናት ብሏል። ነጋዴዎቹን በጅራፍ አባሯል። ጎረቤትሽ ይህን ቢያደርግ አርአያዬ ነው ትያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም ተናዳ፣ እሱ አምላክ ነው፣ የወደደውን ያደርጋል አለችው።

"እንግዲያው ምሰሉት አትበሉን" አለ ዘርሁን። "አምላክነቱን ከሆነ አንችልም። ሰውነቱን ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብለን እንመርምረው።"

ነገሩ የጨዋታ ክርክር አልነበረም። የዘርሁን ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ላይ ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ሲሞት፣ እንጨቱ የበሰበሰ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሽማግሌዎች ግን ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ኢየሱስ ለሰቀሉት ይቅር ብሏልና እናንተም አሠሪውን ተዉት አሉ። ቤተሰቡ ተወው። የሟቹን ሁለት ልጆች የሚያሳድገው ዘርሁን ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የኢየሱስን የዋህነት ለእኛ ሰጥተው ቁጣውን ለራሳቸው አስቀሩት፣ ይል ነበር።

አጸደ ወደ ፓስተሯ ሄደች። እንዲህ ያለ ጥያቄ እምነት ይሸረሽራል፣ ጸልዪ አላት። ጸለየች። ግን አልበቃትም። ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ገዝታ አራቱን ወንጌል ጨርቅ እንደምታይበት ዓይን ከዳር እስከ ዳር ልታይ ቆረጠች። ኢየሱስ የተቆጣበትን ሁሉ ጻፈች፤ በማን ላይ ተቆጣ፣ ስለ ማን ተቆጣ፣ እሱ ራሱ ሲነካስ ምን አደረገ። መንገድ ሲዘጋና ሥራ ሲቆም ታነባለች፤ ሥራ ሲገባም በእረፍቷ ታነባለች። ከጥር እስከ ሰኔ ፈጀባት።

በሐምሌ ደብተሩን ለዘርሁን ሰጠችው። ያገኘችው ነገር እሷኑ አስገርሟት ነበር። ስለ ራሱ ክብር የተቆጣበትን ቦታ አጣች፤ ሕመምተኛ ሲከለከል፣ መበለት ስትበዘበዝ፣ ሕፃናት ሲገፉ ነው የሚቆጣው። በጥፊ ሲመቱትም ሌላውን ጉንጩን አላዞረም፤ ጥፋቴን ንገረኝ፣ ከሌለብኝ ግን ለምን መታኸኝ ብሎ ጠየቀ እንጂ። በለሲቱ ጎን ግን የጥያቄ ምልክት አድርጋ ትታዋለች። አልገባትም፤ እንደገባት ማስመሰልም አልፈለገችም።

ዘርሁን ደብተሩን በሁለተኛው ቀን መለሰላት። "ውሻ ስለተባለችው ሴትዮ መልስ የለሽም" አላት።

"የለኝም። ግን ሴትዮዋ ተከራከረችው፣ እሱም ተረታላት፤ የለመነችውንም ሰጣት። አንተ ለሠራተኛ የተረታ አለቃ አይተህ ታውቃለህ?"

ዘርሁን ሳይወድ ሣቀ። ክርክሩ ግን አልተቋጨም።

በመስከረም፣ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ሰልፈኛው ፋብሪካው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ቀደም ብሎ በመኪናው ወጥቶ ነበር፤ በስልክ ዋናውን በር እንዳትከፍቱ የሚል ትእዛዝ ሰጥቷል። ድንጋይ ተወረወረ፤ የጥጥ መጋዘኑ ተያያዘ። ጭሱ ወደ ሽመናው ክፍል ገባ። የጓሮው በር በሰንሰለት ታስሯል። ሁለት መቶ የሚሆን ሠራተኛ እየሳለ ወደ ዋናው በር ተገፋፋ። አጸደና ዘርሁን ከፊት ነበሩ። ኦቦ ገርባ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ አዩና በሩን በረገዱት። ሠራተኛው ወጣ፤ ሰልፈኛውም ገባ። የፋብሪካው እኩሌታ ተቃጠለ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ ኦቦ ገርባ ታሰሩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ አንድ ወረቀት አቀረበ። ጥበቃው ሆን ብሎ በሩን ለአመፀኞች ከፍቷል ይላል። የፈረመ ሱሉልታ ወዳለው የባለቤቱ ሌላ ፋብሪካ ይዛወራል፤ ያልፈረመ ይሰናበታል። ሰልፍ ተያዘ። ከፊቷ የነበረው ዘርሁን ፈረመ፤ ሲመለስም ቀና ብሎ አላያትም። የመዘምራኑ መሪ እልፍነሽ ከኋላዋ ጠጋ ብላ ፈርመሽ ዝም በይ፣ ኢየሱስም በጲላጦስ ፊት ዝም ብሏል አለቻት።

"ዝም ያለው ስለ ራሱ ነው" አለች አጸደ። "ስለ ሌላ ሰው ዝም ያለበትን ቦታ አሳዪኝ።"

እናቷ ሆሳዕና እሷ በምትልከው ገንዘብ እንደሚኖሩ አልረሳችም። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አላነሣችም።

"በሩ ሲከፈት ከኋላቸው ቆሜ ነበር" አለችው ሥራ አስኪያጁን። "ባይከፍቱት ጭሱ ይጨርሰን ነበር። ጥፋታቸው የቱ ላይ እንደሆነ ይንገሩኝና እፈርማለሁ።"

እሱ ግን ስሟን ሰርዞ ቀጣዩን ጠራ።

ያን ቀን ሥራዋን አጣች። በነጋታው ግን ወይዘሮ ገለቴን ይዛ ምስክርነቷን ልታስመዘግብ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ነገ ተመለሺ ሲሏት ነገ ተመለሰች፤ ሳምንት ሲሏት በሳምንቱ። ጉዳዩ ችሎት የቀረበው በጥር ነበር። አስተርጓሚ ይቅረብልሽ ሲሏት አልፈልግም አለች፤ ያየችውን ሌላ ሰው እንዲያለዝብባት አልፈለገችም። በተሰባበረ ኦሮምኛዋ፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገች ተናገረች። አንዳንዱ ፈገግ አለ። "ኢጀ ኮቲን አርጌ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት" ስትል ግን ዳኛው ቃሏን መዘገቡ።

ስትወጣ ዘርሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከሱሉልታ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የመጣው። ፊርማውን ሊያነሣ እንደመጣ ነገራትና፣ "ክርክሩን ረተሽኝ አይደለም" አላት። "ልጆቹን ሳያቸው ነው። አባታቸው ሲሞት እንጨቱን ያየ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።"

"ግባ፣ ይጠሩሃል" አለችው።

ኦቦ ገርባ በየካቲት መጨረሻ ተፈቱ። ከስተዋል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። አጸደን ግንባሯን ሳሟት። በኋላ፣ ለእኔ ብለሽ እንጀራሽን አጣሽ አሏት። እሷም፣ አንቱም ለእኛ ብለው ነው የታሰሩት አለቻቸው። ወደ ጥበቃ ሥራ አልተመለሱም፤ ሆለታ ከወንድማቸው ጋር እርሻ ገቡ።

አጸደ አሁን ቡራዩ፣ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ዘርሁንም ሱሉልታ አላሰነበቱትም፤ በየቤቱ መብራት ይዘረጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲመቸው ልጆቹን ይዞ ይመጣና ይከራከራሉ። ሰሞኑን የያዙት፣ በዳይ ይቅርታ ሳይጠይቅ ተበዳይ ይቅር ማለት አለበት ወይ የሚለውን ነው። እሷ አዲስ ደብተር ጀምራለች።