ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ ሳንባዬን ታምሜ ሞጣ ተኝቼ ታከምሁ። ሲሻለኝ ሐኪሞቹ በሁለት ግዴታ አስወጡኝ፤ ከከተማው እንዳልወጣ፣ አየር አጣርቶ ኦክስጅን ከሚሰጠውም ማሽን እንዳልለይ። ስለዚህ እዚያው ሞጣ ታናሽ እኅቴ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ብቸና ትጠብቀኛለች። አሳቤ ለጥምቀት ቤቴ መግባት ነበር፤ የሚፈቀድልኝ ግን በየሳምንቱ የሚለካው የደሜ ኦክስጅን ከተሻሻለ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የተሰጠኝ ማሽን ቀለሙ የተላጠ፣ አንድ ጎማው የወለቀ፣ ሲሠራም እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ነበር። በደኅና እተነፍስበታለሁ፤ ግን አላመንሁትም። እንዲቀየርልኝ አመለከትሁ። ዕድሜዬን የሰው ማመልከቻ ስመረምር ስለኖርሁ አጻጻፉን አውቅበታለሁ፤ ተቀየረልኝ።

አዲሱ ነጭ ነው፤ ድምፁ አይሰማም፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ቁጥር ያበራል። እኅቴ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን፣ ወፍራም ገበር ያለውን ዳንቴል አንሥታ አለበሰችው።

«ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ አቧራ ሲጠጣ ዝም ብዬ ልይ?»

«ደግ አደረግሽ። ፊቱን ብቻ ተይልኝ፣ ቁጥሩን ልየው።»

ከዚያ ወዲህ ትንፋሼ እያጠረ ሄደ። የአፍንጫዬ ቱቦ ከልኬት ቀን በቀር ከደጃፉ አያሳልፈኝም፤ ወደ ብቸና የሚሄዱትን መኪኖች ጥሩንባ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ልኬቴም ወረደ። ሳንባዬን ጠረጠርሁ፣ እርጅናዬን ጠረጠርሁ፤ ያን የመሰለ ንጹሕ ማሽን መጠርጠር ግን አልመጣልኝም። ቁጥሩም ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ ግራ ቢገባው የመሣሪያ ባለሙያ ቤት ድረስ ላከ። ባለሙያው ዳንቴሉን ገለጠው። አናቱ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቷል፤ ከኋላው ያለው አየር መሳቢያ በገበሩ ተደፍኗል።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ከእርስዎ ብሶ ታፍኗል።»

«ቴሌቪዥኑ ስንት ዘመን ሲለብሰው መቼ ታመመ?» አለች እኅቴ።

«ቴሌቪዥን አይተነፍስማ፣ እትዬ።»

ሰማያዊው ቁጥር የሚያሳየው ማሽኑ የሚያወጣውን የአየር መጠን እንጂ የኦክስጅኑን ጥራት እንዳልሆነም አስረዳኝ። እኔ ግን ስመካ የከረምሁት በእርሱ ነበር።

ዳንቴሉ በተነሣ ማግስት ትንፋሼ ተመለሰ። ወዲያው ሐኪሙ ዘንድ ቀርቤ፣ ልኬቴ የወረደው በማሽኑ መታፈን ስለሆነ ለበዓሉ እንዲያሰናብተኝ ጠየቅሁት።

«በታፈነ ማሽን ሲተነፍሱ የተለካውን ለክፉም ለደግም አልቆጥረውም፤ መሻሻልዎን በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለኝ።

በእርሱ ወንበር ላይ ብቀመጥ እኔም የምወስነው ይህንኑ ነው። ይህን ማወቄ ግን የተዘጋሁባትን ክፍል አላሰፋልኝም። የቀደሙት ልኬቶች ተሰርዘው ክትትሉ እንደ አዲስ እንዲጀመር፣ እስኪፈጸምም ከሞጣ እንዳልወጣ በጽሑፍ የተወሰነው፣ በከተራ ዕለት ጠዋት ነው።