ረመዷን ሲገባ የወለቀው ጭንብል

ባለፈው ረመዷን እዚህ ሐይቅ ከተማ የገጠመኝን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ባሌን የማጣው መስሎኝ ነበር።

ባሌ ሰይድ በሐይቅና በደሴ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም እየተቋረጠ ያባንነዋል። እንቅልፍ ስለማይጠግብ ቀን መሪ ይዞ ያንጎላጃል። ደሴ ያሉ ሐኪሞች በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ አዘዙለት፤ ሪያድ የምትሠራው እህቱ ገዝታ ላከችለት። መጀመሪያ "የዝሆን ኩምቢ አስገጠማችሁኝ" እያለ አስቸግሮን ነበር። ለምኜም ተቆጥቼም አስለመድኩት። ከዚያማ ሌላ ሰው ሆነ፤ ጠዋት ሲነሳ ማንጎራጎር ሁሉ ጀመረ።

ረመዷን ሲገባ ግን መሣሪያውን አልጋ ሥር ከተተው። በጾም ወር ሌሊቱ በሶላትና በምግብ ስለሚያልፍ፣ ደህና እንቅልፍ የሚያገኘው ጎህ ሲቀድ ከሚሰገደው የሱብሒ ሶላት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጾሙ ተጀምሯል። መሣሪያው አየሩን የሚያረጥብበት ትንሽ የውሃ ዕቃ አለው።

"ውሃው እንፋሎት ሆኖ በአፍንጫዬ ሲገባ ጾሜን ያፈርስብኛል" አለኝ።

"ሸኹን ጠየቅህ?"

"ምን ይጠየቃል? ውሃ ውሃ ነው!" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በሰይድ መኪና ከደሴ ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ባልሽ እየነዳ ተኛ እኮ! ማርያምን፣ ጮኼ ባላነቃው ገደል ገብተን ነበር" አሉኝ።

በማግስቱ መሣሪያውን በዘንቢል ይዤ፣ ሰይድን ከፊት አስቀድሜ መስጊድ ወሰድኩት። የሰፈራችን ሸኽ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙንና፣ "ያለ ውሃ አይሠራም እንዴ?" አሉ።

እኔና ሰይድ ተያየን። ያን ያህል ስንጨቃጨቅ ይቺን አላሰብናትም! ወዲያው ደሴ መሣሪያው የታዘዘበት ሐኪም ቤት ላለችው ነርስ ደወልኩ። "ይሠራል፤ ጉሮሮው ትንሽ ይደርቅ ይሆናል እንጂ ችግር የለውም" አለች።

ሸኹ በዚህ አላበቁም። ውሃውን አስደፍተው መሣሪያውን በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት አሰኩት። ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጭንብሉን አፍንጫቸው ላይ ያዙት። ነፋሱ ጢማቸውን ሲያርገፈግፈው አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሳቅ ፈነዱ።

"ወላሂ፣ አየር ነው! ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ አፍንጫህን ትይዛለህ?" አሉት ሸኹ ሰይድን። ከዚያ ፈገግታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ስማኝ ልጄ፤ የሰው ነፍስ ጭነህ እያንጎላጀህ መንዳት ነው ወንጀሉ። ዛሬውኑ አድርገው" አሉት።

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ "እሺ አባቴ" አለ። እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ እስከ ዒድ ይከራከረኝ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንብሉን ሳያጠልቅ ጋደም ብሎ አያውቅም። አሁን ሲያመሽ ልቤ ቀጥ አይልም። "ጎማ ተንፍሶበት ይሆናል፣ ወይ ወሬ ይዞት ነው" እላለሁ። ራቱን መልሼ እያሞቅኩ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ለቀዘቀዘ ራት ብቻ መነጫነጭ እንዴት ደስ እንደሚል፣ ባሏን ልታጣ የነበረች ሴት ታውቀዋለች። አልሐምዱሊላህ።