ድንጋይ ነው ያልኩበት ቦታ

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አሰሳው ጋብ ያለ ሰሞን፣ ቀበሌያችን በሸዋ ሮቢት መሐል የሚያልፈውን ጅረት በዘመቻ ሊያስጠርግ ተነሳ። ጅረት ማለት ለስሙ ነው። የቄራው ፈርስ፣ የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የሞተ ውሻ፣ ያልገባበት ነገር የለም። ልጅ ሳለሁ አምባዛ ይያዝበት የነበረው ውሃ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተኝቶ፣ በበጋ ሽታው ከቤት ያስወጣን ነበር። እንዲያም ሆኖ ሌላ ውሃ ቅርብ ስለሌለን፣ ላይ ላዩን በሚሄደው ቀጭን ውሃ ልብስ እናጥብበት ነበር።

ከዘመቻው በፊት ጅረቱ ምን ያህል እንደተበላሸ የሚያይ አንድ ወጣት ባለሙያ ከደጋ ተላከ። ከጓሮዬ በላይ ጀምሮ እስከ ድልድዩ፣ በየሃያ እርምጃው የጭቃው ጥልቀት ሊለካ ነው። መለኪያው በየስንዝሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ነበር። ጠንካራ መሬት እስኪነካ ጭቃው ውስጥ ይሰደዳል፣ ስንት ስንዝር እንደገባ ይነገረዋል፣ እሱ ይጽፋል። ጭቃ የበዛበት ይቆፈራል፤ ድንጋይ የሆነበት ይታለፋል።

እንጨቱን የምይዘው እኔ ሆንኩ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ "መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች፣ ቁጥር ታውቃለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ የምታጥበውም እዚያው ነው" ብላ ሰጠችኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። እምቢ ያለ "ለምን?" ይባላል።

እኔ ደግሞ የምፈራው ያንን "ለምን" ነበር። ጭቃው ውስጥ የልጄ ወረቀት አለ። ትልቋ ልጄ ደብረ ሲና ስትማር ከጓደኞቿ ጋር በድብቅ የምትበትነውን የተከለከለ ወረቀት፣ የጓደኞቿን ስም በገዛ እጇ የጻፈችበትን ደብተር ጭምር፣ ፍራሽ ሥር አግኝቼው ነበር። አሰሳ መጣ ሲባል ማቃጠል ፈራሁ፤ ያን ጊዜ የወረቀት ጭስ የሸተተበት ቤት አይታለፍም። በላስቲክ ደራርቤ ጠቅልዬ፣ ልብስ የማጥብ መስዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ጭቃው ውስጥ በእግሬ ረግጬ ቀበርኩት። በኋላ ላወጣው ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ብዳብስ አጣሁት። የሚቆፍር ሰው ግን ያገኘዋል። ካገኘው ልጄ አለቀላት።

የመለካቱ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ባለሙያው ጭቃውን ያሸታል፣ ውሃውን በጠርሙስ ይቀዳል፣ እኔን ይጠይቀኛል።

"እትዬ፣ እንቁራሪት ይጮህበታል?"

"ከተወ ሁለት ክረምት አለፈው።"

"የወባ ትንኝስ?"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "እሷንማ ዛሬ እዚህ እደርና ራሷ ትነግርሃለች። የደገኛ ደም ስትወድ!"

እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ስድስት ስንዝር፣ ሰባት ስንዝር እያልኩ ጅረቱ ከሚታጠፍበት፣ ከጎረቤቴ ግድግዳ ሥር ደረስን። ልብስ ማጠቢያዬ፣ ላስቲኩም የተቀበረበት፣ እዚያ ነው። እንጨቱን ጥቂት ሰደድኩና ገታሁት።

"አንድ ስንዝር። ድንጋይ ነው።"

"እዚህ? ከመቼ ወዲህ?" አለ ሊቀመንበሩ።

ባለሙያው ራሱ ሊያየው ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ።

"ወላሂ ድንጋይ ነው!" አልኩ። "አልቅት ሊበላህ ነው ልጄ፣ ምን ያስገባሃል?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ከማሉማ ይበቃል" ብሎ ጻፈ።

በሐሰት ወላሂ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በዘመቻው ሰው ከላይም ከታችም ቆፈረ። ከጎረቤቴ ግድግዳ ሥር ያለው ብቻ እንደ ጉብታ ቀረ። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ሽባ አባቷን የምታስታምም ሴት ናት። "ኧረ የኔን ብቻ ዘለላችሁት!" ብላ ብትጮህ ሊቀመንበሩ "ተጽፏል፣ ድንጋይ ነው" አላት። እኔ አካፋዬን አንስቼ ወደ ታች መቆፈሬን ቀጠልኩ።

ክረምቱ ሲገባ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ጣለ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ከደብረ ሲና በኩል እያጓራ መጣ። በተቆፈረው ቦይ ፈጥኖ ወረደ፤ ጉብታው ሲገታው ወደ እሷ ጓሮ ዞረ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። እሷ ገበያ ነበረች። አባቷ መደባቸው ላይ ነበሩ። ጭቃውን ስንዝቅ እጃቸውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ከለቅሶው ስንመለስ ልጄ "እማ፣ ምን ሆነሽ ነው እጅሽን ደጋግመሽ የምትታጠቢው?" አለችኝ። አልነገርኳትም። ወረቀቷን እንዳቃጠልኩት ነው የምታውቀው።

ለሐሰት መሐላ ዐሥር ድሃ ማብላት፣ ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም እንዳለበት እሰማ ነበር፤ ጾም ያዝኩ። ስለ ጎረቤቴ አባት ሞት ግን ሸኹን ለመጠየቅ ፈራሁ። መሐላው ምን ነበር ቢሉኝስ?

በሁለተኛው የጾም ቀን ውሃው ጎደለ። ጎርፉ ጉብታውን ከሥሩ ጠርጎታል፤ የቀረው ለስላሳ አሸዋ ነው። ላስቲኩም የለም። ወደ ሮቢ ወንዝ ወርዶ ይሁን፣ የሆነ ሰው እጅ ገብቶ ይሁን፣ አላውቅም። ጎረቤቴ ከፈረሰው ግድግዳ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች።

"እህቴ፣ ድንጋዩ የታለ?" አለችኝ።

"ጎርፉ ወስዶት ይሆናል።"

ወርዳ ከአሸዋው እፍኝ ዘግና አየችው።

"ይሆናል" አለችና ያልተሰበረውን ማገር ከጭቃው ውስጥ ትለቅም ጀመር። ወርጄ አንዱን ጫፍ ላነሳላት ስል፣ "ተይው" አለችኝ፣ "አንቺ አትንኪው።"