ዲቃላ የተባለው ማን ነው?

የከብት አዳቃዩ በዕድሜው ሦስት ሰው አድምቷል፤ ሦስቱንም በአንድ ቃል ሰበብ። በሰባት ዓመቱ የክፍል ጓደኛውን ጆሮ ነከሰ። በሃያ ዓመቱ የአንድ ሾፌር የፊት ጥርሶችን አራገፈ። አምና ደግሞ የሚሠራበትን የከብት እርባታ ዘበኛ ከብረት በሩ ጋር አላትሞ ክንዱን ሰበረው። ሦስቱም «ዲቃላ» ብለውት ነበር። አባቱ የወለደው ከሕጋዊ ሚስቱ ውጭ ነውና፣ ገና ስም ሳይወጣለት ይህ ቃል ወጥቶለታል።

ከዘበኛው በኋላ ሥራ አስኪያጇ ቁርጡን ነገረችው፤ አንድ ቡጢ ቢደገም ይባረራል። እሱም ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ነክሶ ኖረ፤ ከሥራው ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውማ። እሱ ያዳቀላት ላም ሳትፀንስ ቀርታ አታውቅም ይባልለት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እሱ ባለበት ስለ ከብቶቹ ሲያወራ «የተዳቀለ» እያለ ምላሱን ይገራል። የጋጣው አለቃ ብቻ፣ በአባት ወንድሙ የሆነው፣ በሰዎቹ ጥንቃቄ ከንፈሩን እያጣመመ ይስቃል።

አዲሱ የእንስሳት ሐኪም ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ጥጆች ይመዘኑ ነበር። አዳቃዩ ጎንበስ ብሎ እጁን ይታጠባል። ሐኪሙ ከኋላው ሚዛኑን አነበበና በደስታ ጮኸ፦

«ይሄ ዲቃላ እናቱንም አባቱንም ያስከነዳል!»

አዳቃዩ ዞረ፤ ማን፣ ለምን ብሎ አልጠየቀም። የመጀመሪያው ቡጢ የሐኪሙን ከንፈር ሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ሚዛኑ ላይ ዘረረው። ጥጃው ደንግጦ በላዩ ዘለለ። አራት ሰው ተረባርቦ አዳቃዩን ጎትቶ አነሳው።

«እስቲ ድገማት! ወንድ ከሆንክ ድገማት!»

«ኧረ ወንድሜ፣ ጥጃውን እኮ ነው!» አለ ሐኪሙ ደም እየተፋ።

ሥራ አስኪያጇ ሦስቱን፣ አለቃውን ጨምራ፣ ቢሮዋ አስገባች። ሐኪሙ አፉን በጨርቅ ይዞ አስረዳ።

«እኛ በትምህርት ላይ ‹ድቅል› ነው የምንለው። የሁለት ዝርያ ልጅ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ከሁለቱም ወላጆቹ ይጠነክራል። ማድነቄ ነበር። እዚህ ግን ‹ዲቃላ› ካልተባለ አዳቃዩ አይገባውም ብለው አለቃው ነገሩኝ።»

አዳቃዩ አንገቱን ደፋ።

«ዶክተር፣ በእውነት ይቅር በለኝ። ያለጥፋትህ ነው የመታሁህ።»

«ትቼዋለሁ። ክስም የለኝም።»

«እንግዲህ እሳቸው ከተዉልህ እኔም ልተውልህ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ተነስ፣ ወደ ሥራህ።»

አዳቃዩ የበሩን እጀታ ያዘ። አለቃው ግን አላስቻለውም።

«እኔ ደሞ ምን አጠፋሁ? ጥጃውም ዲቃላ፣ አዳቃዩም ዲቃላ። በአንድ ቃል ሁለቱን ጠራሁ።»

አዳቃዩ እጀታውን ለቀቀ፤ በዝግታ ተመለሰ። የወንድሙን ኮሌታ ጨምድዶ በግንባሩ አፍንጫውን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ወንበሩ ተገለበጠ፤ የመዝገቡ መደርደሪያ በሁለቱም ላይ ወደቀ። አዳቃዩ ከወረቀቱ ክምር ውስጥ ሆኖ ደግሞ መታው፣ ደግሞ መታው፣ ወንድሙ እጁን ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ።

«አንተ እብድ!» ጮኸች ሥራ አስኪያጇ። «ተርፈህ አልነበር እንዴ! አሁንም ሳታጣራ ነው?»

አዳቃዩ እያለከለከ ተነሳ። የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«አይ እትዬ» አለ፤ «ይቺን እንኳ አጣርቼ ነው።»