ከሐጂ ሮብሌ ምንጣፍ መነሣት

ይህ የሆነው ባለፈው መጋቢት ነው። ዛሬ ዛሬ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝን ኪኒን እንኳ ባለቤቴ በላይነሽ ካላስታወሰችኝ አልውጠውም። ያቺን እሑድ ጧት ግን አልረሳትም። ሦስት ሰዎች ለእርቅ መጥተው በረንዳዬ ላይ ቆመዋል፣ አንደኛው ድንጋይ ተሸክሟል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። በአገራችን ከዚህ የባሰ ነውር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። በባቡሩ ቢሮ የፈረንሳይኛ ደብዳቤ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ፣ አልፎ አልፎም ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ስሰማ መቃወም ያምረኛል። ይህ ጠባይ በቢሮ አላስወደደኝም፣ በዘመድ ቤትም አላስወደደኝም። የወደዱልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከወንዙ ማዶ መጋላ፣ ሐጂ ሮብሌ ቤት።

ሐጂ ሮብሌ ሶማሌ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። ጣሊያን ከወጣ ዓመት ጀምሮ እንተዋወቃለን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቁን ይዘጋና ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ወዳጆቹን ይሰበስባል። ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው፣ ዙሪያውን መከዳ ተደርድሯል። ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን እንገባለን፣ ግራ ክርናችንን መከዳ ላይ አስደግፈን ጋደም እንላለን። እነሱ ጫት ይቅማሉ፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ። የምሄደው ለክርክሩ ነው። እዚያ ምንጣፍ ላይ ሁሉም «አንተ» ነው፤ «አንቱ» የሚባል የለም።

ዋናው ባላጋራዬ ፋራህ ነው። ግመል እያመጣ ይሸጣል፤ ሲናገር ድምፁ መንገድ ላይ ይሰማል። ፊደል አልቆጠረም፣ ግን እኔ መጽሐፍ ጠቅሼ የተናገርኩትን ሁሉ «ውሸት ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጸሐይ እስክትጠልቅ አንላቀቅም። እኔ ስናደድ በጉልበቴ ብድግ ብዬ ነበር የምመልስለት። ሲመሽ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በእግሬ አቋርጬ ወደ ከዚራ ስመለስ፣ ልለው ሲገባኝ ያላልኩትን ለብቻዬ እያልኩ እሄድ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። የቢሮ ወንበር ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ሳስነጥስ ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። የከተማችን ሐኪም መረመረኝና በባቡር ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ የደረቴን አጥንት በወፍራም መርፌ ወግተው ከመቅኔው ቀዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አስቀምጦኝ የአጥንት መቅኔ ነቀርሳ እንደያዘኝ ነገረኝ። አጥንቴ ከውስጥ እየሳሳ ነው። ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ እንዳልወድቅ፣ ድንገት እንዳልጎነበስ አስጠነቀቀኝ።

ከዚያም ወረቀት አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። ደረጃ መውጣት ትችላለህ? ከወንበር ስትነሣ በእጅህ ትደገፋለህ? ጫማህን ራስህ ታስራለህ? ሳታርፍ ምን ያህል ትሄዳለህ? መልሴን እየሰማ ምልክት ያደርጋል። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ስለመሰለኝ አንዳንዱን ዋሸሁት። የዋሸሁት ግን ከንቱ ነበር፤ ዋናውን ጥያቄ አልጠየቀኝም። ፈረንጅ ወንበር ላይ ተወልዶ ወንበር ላይ የሚሞት ፍጡር ነው። መሬት ላይ ተቀምጠህ መነሣት ትችላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ እንዴት ይምጣበት? የኔ ሕይወት ደኅናው ክፍል ደግሞ መሬት ላይ ነበር።

ድሬዳዋ ተመልሼ ከበላይነሽ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። አፍሬ አይደለም። በሽተኛ የሆነ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስላየሁ ነው። ሰው ሁሉ ይስማማለታል።

በተመለስኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ በጋሪ ወደ መጋላ ሄድኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ምንጣፉ ላይ ወረድኩ፤ የመጨረሻውን ስንዝር ወደቅሁ ማለት ይቀላል። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የአሱር ስግደት ሰዓት ሲደርስ አዛን ተሰማ፣ ሁሉም ተነሥተው እንደ ወትሮው እኔን ከሻዩ ጋር ትተው ከጎን ወዳለው መስጊድ ሄዱ። ሰው ሳያየኝ ተነሥቼ ልጠብቃቸው አሰብኩ።

ክርኔን ተጫንኩ፣ አልሆነም። በጎኔ ተንከባለልኩ። በጉልበቴና በመዳፌ ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ ግን ወገቤ አልታዘዝ አለ። ጀርባዬን የሚጨመድድ ሕመም ያዘኝና ግንባሬን መከዳው ላይ ደፋሁ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳላስበው ያደረግሁት ነገር ነው። እንዴት እንደሚደረግ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የትኛው እግር እንደሚቀድም ጠፋኝ። በዚህ ላይ እያለሁ ሰዎቹ ሰግደው ተመለሱ።

ፋራህ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና፣ «ዋርያ፣ ዛሬ አንተም ሰገድክ?» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። «ለማንም አልሰገድኩም» አልኩት፤ ራሴን ያስደነገጠኝ ድምፅ ነበር። የመስኮቱን ብረት ይዤ እንደምንም ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ስለማልችል በእጄ ይዤው ወጣሁ። ደኅና ዋሉ አላልኩም። በካልሲ ጋሪ ላይ ስወጣ መንገደኛው ሁሉ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቀረሁ። ሐጂ ሮብሌ ሁለት ጊዜ ሰው ላከ፤ በላይነሽ ባስተማርኳት መሠረት የለም አለች። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን አዛን እሰማለሁ። አሁን ተነሡ፣ አሁን ተመለሱ፣ አሁን ፋራህ ውሸት ነው አለ እያልኩ እቆጥራለሁ። ከተማውን አቋርጬ መሄድ አላቃተኝም፤ ጋሪ አለ። ያቃተኝ መሬት ላይ መቀመጥ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ከፍታ ከሰዎቼ ለየኝ።

እነሱ ምን እንደሚያስቡ አልጠረጠርኩም። መጋላ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን በሃይማኖት ይቀላለዳል፣ ማንም አይቀየምም። አንድ ሰው ከተቀየመ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃል። እነ ሐጂ ሮብሌም በእምነቴ አላገጡብኝ ብዬ የቀረሁ መሰላቸው። ሕመም የሚባል ነገር በአሳባቸው አልመጣም።

እንግዲህ እሑድ ጧት በላይነሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ከአልጋ አንሥታኝ፣ ራሷ የምትቀመጥበትን ምቹ ወንበር ልታመጣልኝ ነበር። እኔ ግን የሸራው ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ ብዬ ተከራከርኳት፣ አሸነፍኩም። የሸራ ወንበር ጤነኛ ሰው እንኳ ታግሎ የሚወጣበት ጉድጓድ ነው።

ሐጂ ሮብሌ ነጭ ለብሶ መጣ። ከጎኑ የሰፈራችን ሽማግሌ አለቃ ተድላ ከነመቋሚያቸው አሉ። ከኋላቸው ፋራህ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎብጦ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ደረጃውን ወጣ። የተቀየመው ክርስቲያን ስለሆነ እርቁም በክርስቲያኑ ወግ ይሁን ብለው አለቃን ያማከሩ እነሱ ናቸው። ወጉን አንባቢ ያውቀዋል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ተበዳይ ተነሥቶ ድንጋዩን ያወርድለታል፣ በዚያው ይታረቃሉ።

እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ አለቃ። «መጀመሪያ ተነሥና አውርድለት።»

ፋራህ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ «በእኛ ወግ ቢሆን ግመል ነበር የምሰጥህ» አለ። «አለቃ ድንጋይ ይበቃል አሉኝ። ግመሉ ይሻለኝ ነበር አቦ።»

የወንበሩን እንጨት በሁለት እጄ ጨብጬ ተነሣሁ። እስከ ግማሽ ድረስ ደረስኩ። ከዚያ ጀርባዬ ከዳኝና ተመልሼ ሸራው ውስጥ ገባሁ። እነሱ ያዩት ሊነሣ ብሎ አሳቡን ለውጦ የተደላደለ ሰው ነው። የአለቃ ፊት ጠቆረ። ሐጂ ሮብሌ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ሃያ ዓመት አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ቆሞ ሲለምንህ አትነሣለትም? በቃ፣ እንሂድ።»

ዞረ። አለቃም መቋሚያቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። ሦስት ደረጃ ብቻ ናት። እሷን ከወረዱ ያ ክፍል ለእኔ ለዘላለም እንደሚዘጋ አወቅሁ። ዝም ብል ኩራቴ ይተርፋል፣ እነሱም የሚያስታውሱኝ እንደ ባለጌ እንጂ እንደ በሽተኛ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ይህ የሚሻል መሰለኝ።

«ሐጂ፣ አልተቀየምኩም» አልኩ። «መነሣት አቅቶኝ ነው። ያን ቀንም ከምንጣፉ መነሣት አቅቶኝ ነው ያገኛችሁኝ።»

የበሽታውንም ስም ነገርኳቸው።

ሐጂ ሮብሌ ተመለሰና ያንን ነጭ ልብሱን ሳይሰበስብ እግሬ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከጥቅምት አልኩት። «እኛ ደግሞ ሳቅን» አለ። አለቃ ተድላ ጀርባቸውን ሰጥተውን ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ይመለከቱ ነበር።

ፋራህ ድንጋዩን እንደተሸከመ መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከ። ማጅራቱን እስከ ጉልበቴ ድረስ ዝቅ አደረገ።

«በጣትህ ንካው ብቻ» አለኝ። «የቀረውን ለኔ ተወው።»

ነካሁት። እሱ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። አለቃ ዞረው መረቁን፤ ታረቅን።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሪ ላኩልኝ። ስደርስ ምንጣፉ ጥግ ላይ ባለመደገፊያ ወንበር ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከየት እንደተዋሱት አላውቅም። ተቀመጥኩ። ከላይ ሆኜ የሁሉንም አናት አየሁ፤ ሐጂ ሮብሌ መሐል አናቱ ላይ መመለጡን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «አንቱ ሻይ ልጨምርልዎ?» አለኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሆን ብዬ ግመል ደደብ እንስሳ ነው አልኩ።

«ልክ ነዎት» አለ ፋራህ።

ሐኪሙ ከነገረኝ ነገር ሁሉ ይህ ቃል ከበደኝ።

ወንበሩን ካላወጣችሁ ሁለተኛ አልመጣም አልኳቸው። ሐጂ ሮብሌ አጥንትህ ቢሰበርስ ብሎ ተከራከረኝ። እሱም ክርክር ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱና ፋራህ በብብቴ ይይዙኝና እንደ መስታወት ያስቀምጡኛል፤ ሲመሽ እንዲሁ ያነሡኛል። ያማል። ያ ፈረንጅ ሐኪም ቢያይ ይጮህብኛል። «አንቱ» ማለቱን ትተዋል፤ መስማማቱን ግን ቶሎ አልተዉም። ለብዙ ሳምንት ምንጣፉ ላይ ተጋድሜም ሁልጊዜ ልክ ነበርኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ስለ ግመል ሻኛ ያነበብኩትን አነሣሁ። ውስጡ ውኃ አይደለም፣ ጮማ ነው አልኩ። ያን ያህል የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ፋራህ የያዘውን የጫት ቀንበጥ አስቀመጠ። ታግሦ ታግሦ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ውሸት ነው» አለ። «ደግሞ ውሸት ባይሆንም፣ የጻፈው ሰውዬ ግመል አይቶ አያውቅም።»

ሐጂ ሮብሌ ደንግጦ ወደ እኔ አየ። እኔ እንባዬ መጣ። እንደ ድሮው በጉልበቴ ልነሣ ፈልጌ ወገቤ እምቢ አለኝ፤ ተጋድሜ መለስኩለት፣ እሱም አልማረኝም። ጸሐይ እስክትጠልቅ ተጨቃጨቅን።

ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረኝ ሐኪሙ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። የጤነኛ ሰው ምኞት ብዙ ነው ይባላል፤ የኔ አንድ ሆኗል። ፋራህ ክፉኛ እንዲያናድደኝና፣ ማንም በብብቴ ሳይዘኝ ከዚያ ምንጣፍ ብድግ ብዬ፣ ጫማዬን ራሴ አስሬ፣ ዳግመኛ እዚህ ቤት አልመጣም ብዬ ተቆጥቼ መውጣት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም በእግሬ መመለስ።