አጎቴ «ይደር» ያለው ነገር

አጎቴ ክንዱ ከምክር ቤት በገዛ ፈቃዱ ሲሰናበት ጭብጨባው ረጅም ነበር። እኔ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብለት እሱ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ይጠርጋል፤ ዕንባው እንዳይታወቅበት መሆኑ ነው። እኛ ዘመዶቹ ግን አወቅንበት። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበለው ስሄድ በስንብቱ ላይ የደረቡለትን ጥልፍ ካባ እንደ ሕፃን ታቅፎት ወጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ካባህን ለብሰኸው ብትወርድ? ሕዝቡ ይይልህ እንጂ» ብዬ ቀለድኩበት።

«ይደር» አለኝ።

ይህቺ «ይደር» የዕድሜ ልክ ቃሉ ናት። አባቱ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከዳባት ወዲያ ባለችው አስታ ሜዳ ዜማ ያስተምሩ ነበር። እሱ የአባቱን ድምፅ አልወረሰም፤ ትዕግሥታቸውን ግን ወርሷል። የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ገና ጢሙ በቅጡ ሳይሞላ ሽማግሌ አድርገው ያስቀምጡት ጀመር። እኩዮቹ ከኋላ ቆመው በሚሰሙበት ዕድሜ እሱ ከፊት ተቀምጦ ይዳኛል። ዘዴው አንዲት ናት። የተጣሉትን ሰዎች ያለ የሌለ ንዴታቸውን ያናግራቸዋል፣ አንዴም አያቋርጣቸውም፤ ሲጨርሱ «ይደር» ብሎ ይነሣል። በቀጠሮው ቀን ሲመጡ ንዴቱ ወጥቶላቸው፣ ግማሹን መንገድ ራሳቸው ታርቀው ይመጣሉ።

ኋላ ሊቀመንበር የሆነበትን ፓርቲም የመራው በዚህችው ቃል ነው። ማዕከላዊ ኮሚቴው ለሁለት ሊሰነጠቅ ሲል «አጀንዳው ይደር» ይላል፤ ኮሚቴው ያድራል፣ ፓርቲውም ሳይሰነጠቅ ያድራል። ሌሎቹ ሲፈርሱና ስም ሲቀይሩ የእሱ ፓርቲ ትንሽም ብትሆን ከነሊቀመንበሯ ቆየች። ጋዜጠኞች አስተዋይ ይሉት ነበር። እኔም በአጎቴ እኮራ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ቁስቋም ባለው ቤቱ መኖር ሲጀምር መጀመሪያ ሰሞን ደጁ ከእንግዳ አልጠራም። ከዚያ እንግዳውም ሳሳ። ስልኩም ከማስታወቂያ መልእክት በቀር ዝም አለ። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። «ስብሰባ አለህ እንዴ ጋሼ?» ስለው ይስቃል፤ ሳቁ ግን አያምርም። አሳዘነኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ መጣ። ራሱን ተላጭቷል፤ ጥቁር ለብሷል። የአስታ ሜዳው የነጋ ልጅ ምንይችል ነው። አጎቴ ሐዘንተኛ መሆኑን እንዳየ ተነሥቶ ቆመ።

«ማንን ነው?»

«አባቴን» አለ ምንይችል። «እኔስ መርዶውን ብቻ ላደርስ አልመጣሁም። ‹አያ ክንዱ ወደ አገሩ ገብቷል አሉ፤ እንግዲህ ይጨርሰዋል› እያለ እርስዎን ሲጠብቅ ነው ያረፈው።»

«ምኑን ነው የምጨርሰው?»

ምንይችል ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ሽምግልናውን ነዋ። የእሱንና የአክስቴን የትርንጎን።»

አጎቴ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋና ትርንጎ የእናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው በተወችላቸው የሣር መሬት ተጣሉ። እኔ ነኝ የማጭድ፣ የለም እኔ ነኝ ሲባባሉ ነገሩ ወደ ዱላ ሄደ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሎቹ አለቃ አጎቴ ነበር። ሁለቱንም ሰማና ዋስ አስጠራቸው፦ እሱ ተመልሶ እስኪፈርድ ድረስ ሣሩን ማንም እንዳይነካ፣ አንዱ ያንዱን ደጅ እንዳይረግጥ፣ አንዱ ካለበት ሌላው እንዳይደርስ። ከዚያ «ይደር» ብሎ ተነሣ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤት ሊወዳደር ነበር። ተወዳደረ፤ አሸነፈ፤ ሄደ።

«ሌላ ሽማግሌ አልያዘውም?» አለ አጎቴ።

«ምነው አያ! እርስዎ የያዙትን ማን ደፍሮ ይነካል?»

በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ የያዘውን ነገር እሱ ካልለቀቀው ሌላው አይገባበትም፤ መናቅ ነው። አጎቴ ደግሞ ተራ ሽማግሌ አይደለም፤ የፓርላማ ሰው ነው። እነሱ አክብረውት ጠበቁት፤ እሱ ሌላ ሽማግሌ ጨርሶታል ብሎ ተቀመጠ።

ምሳም አልበላ። መኪና አስነሣኝና ሦስታችንም ወጣን። ወለቃን አልፈን፣ የሸክላ ሻጮቹን ዳስ ወደ ኋላ ትተን ዳገቱን ተያያዝነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ ሲቀበለን ምንይችል ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዶት ነበርና አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረኝ ጀመር።

«አስታ ሜዳ ለምርጫ በሄድኩ ቁጥር ነጋ ከድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ትርንጎ በዚያ ጫፍ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም ያጨበጭቡልኛል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ስለሚቀመጡ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ያን ጊዜ ግን ለምን አልፈረድክም ጋሼ? ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም። ፍርዱ ያኔውኑ አልቆ ነበር። ነጋ በሚስቱ በኩል ዘመደ ብዙ ነው፤ ትርንጎን ደግሞ የጽዋ ማኅበሩ ሁሉ ይሰማታል። እኩል ተካፈሉ ብል ሁለቱም ወገን ይቀየመኛል፤ ምርጫው ደግሞ ደርሷል።» «ከዚያማ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱን መስማት ሊኖርብኝ ነው።»

ተናደድኩ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ትዝ አለኝና ይበልጥ ተናደድኩ። አጎቴ ነውና አልተናገርኩትም፤ ማርሹን ግን አላግባብ አንጓጓሁት።

ትርንጎ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ገብስ ስታበጥር ደረስን። ከሲታ ሴት ናት፤ ጥቁር ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አገልድማለች። አጎቴን እንዳየችው ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች።

«እሰይ፣ አያ ክንዱ! ሸጋ ነህ? ጤናህ ሸጋ ነው? ሥራውን ተውከው አሉ፤ ደግ አደረግህ፣ እንግዲህ እረፍ» አለችና መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችለት።

አልተቀመጠም። «ነጋ ሲቀበር የት ነበርሽ ትርንጎ?» አላት።

«ከዚያ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ» ብላ በእጇ አሳየችው። «እዚያ ሆኜ አለቀስኩ። እሱ ካለበት እንዴት ልድረስ? አትደራረሱ ብለኸናላ።»

«እሱ እኮ ሞቷል።»

«ቢሞትስ? ዋሴን ላዋርደው?»

ምንይችል ፊቱን አዞረ። ያ ምክር ቤት ሙሉ ሰው የሚያሳምን የአጎቴ አንደበት የት እንደገባ እንጃ።

«አያ፣ ከመጣህ አይቀር ፍርዱን ንገረኝ» አለች ትርንጎ። «ነጋም በነፍሱ ይስማው። ምን ነበር ልትለን ያሰብከው?»

«ሣሩን እኩል እጨዱ።»

ጠበቀች። «ሌላስ?»

«ተነሡና ተሳሳሙ። ሌላ የለም።»

ትርንጎ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ይህንንማ እኔም አውቀው ነበር» አለች በቀስታ። «ነጋም ያውቀው ነበር። አንተ እስክትለው ነው የጠበቅን።»

ያኔ አጎቴ ኮቱን አወለቀ። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አድርጎ በፊቷ ቆመ። በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚቆም። ስንቱን በደለኛ ድንጋይ አሸክሞ ያስታረቀው እሱ ራሱ ነበር። ክራቫቱ ካጎነበሰበት ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን ዕንባዬ ነው የመጣው።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለች ትርንጎ። «ነጋን ግን ማን ይጠይቅልሃል?»

ድንጋዩን አላወረደም። «መቃብሩ ጋ ልሂድ» አለና መንገድ ጀመረ። እሷም ተከተለችው፤ እኔና ምንይችል ከኋላ ሆንን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ያንን የሣር መሬት ያቋርጣል። ሣር የሚባል የለበትም፤ ማንም ሳያጭደው፣ ማንም ከብት ሳያሰማራበት ቀርቶ እሾህና ቁጥቋጦ በልቶታል። አጎቴ አንገቱን ማዞር አልቻለም እንጂ አይቶታል።

ከሣር መሬቱ በላይ የነጋ ቤት ነው። ከበሩ ስንደርስ ትርንጎ ቆመች። በሩ ክፍት ነው፤ ለቀስተኛ ስለሚገባና ስለሚወጣ አልተዘጋም። ውስጥ የወንድሟ መደብ ይታያል። እግሯን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አያ» አለች፤ ልጅ አባቱን እንደሚያስፈቅድ ዓይነት ነው አነጋገሯ። «አሁን ልግባ?»

አጎቴ «ግቢ» አለ። አልሰማችውም መሰለኝ፣ ደገመላት። «ግቢ፣ እቴ። ግቢ።»

ገባች። ደፉን ስታልፍ «ነጋዬ! የእናቴ ልጅ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ማዶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ምንይችል ሮጦ አክስቱን ደገፋትና አብሯት ገባ። አጎቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ ደጅ ቀረ። እሱን ግባ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።