ዘጠና ሰባት ሩጫ

አብዱልመናን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ ኒውአርክ እየተመላለሰ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚቆጣጠር፣ ድምፁ ከጎረቤት የማይሰማ የደሴ ሰው ነው። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አብረውት ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሲቆጣ አይተውት አያውቁም ነበር። በወጣትነቱ የአንዲት ትንሽ የአፍሪካ አገር ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን መዝጋቢ እንደነበረም አያውቁም። ቢነግራቸውስ ምን ይገባቸዋል? ክሪኬት ለእኛ ሰው የህንዶች ጨዋታ ነው፤ ነጭ ለብሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉበት።

የአገሪቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። አብዱልመናን በስደት ደረሰባትና አንድ የክሪኬት ክለብ ውስጥ ሣር አጫጅ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን መዝጋቢው ታሞ ሲቀር እስክሪብቶውን ለሣር አጫጁ ሰጡት። ቁርአን ቤት የእንጨት ሉህ ላይ ሲጽፍ ያደገ እጅ ነውና ገጹ አንድ ስርዝ ሳይታይበት ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ክለቡም ብሔራዊ ቡድኑም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ መዝጋቢ አልፈለጉም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እያንዳንዷ ኳስ ትጻፋለች። ዳኛው ከሜዳው መሀል በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ መዝጋቢው እጁን አንሥቶ አይቻለሁ እስኪል ድረስ ጨዋታው ይቆማል። የሚኒስትር ልጅ ይሁን የነጋዴ ልጅ፣ ሁሉም የአንድ ስደተኛ እጅ እስኪነሣ ይጠብቃል ማለት ነው። አብዱልመናን በሕይወቱ ያን ያህል የተከበረበት ሌላ ቦታ የለም።

የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ፕራቪን የሚባል የሀብታም ልጅ ነበር። አንድ ዓመት ከጎረቤት አገር ጋር ሲጫወቱ ለብቻው ዘጠና ሰባት ሩጫ፣ ማለትም ዘጠና ሰባት ነጥብ፣ አስቆጥሮ ከጨዋታ ወጣ። በክሪኬት መቶ የሞላ ሰው ስሙ ሲነሣ ይኖራል፤ ዘጠና ሰባት ግን ዘጠና ሰባት ነው። በዚያው ጨዋታ አንዲት ኳስ የፕራቪንን ዱላ ሳትነካ እግሩን መትታ ስትንከባለል ሦስት ሩጫ ተሮጦባት ነበር። እንዲህ ያለው ሩጫ ለቡድኑ እንጂ ለመቺው አይቆጠርም። ዳኛው ጉልበቱን አንሥቶ በእጁ ነካ፣ አብዱልመናን አየሁ አለ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። በዓመቱ የሜዳው ዘበኛ ልጅ ቦኒፋስ መቶ አራት አስቆጠረ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ባለ መቶ እሱ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። አብዱልመናን ዲቪ ደርሶት ኦክላንድ ገባ፤ ፕራቪንም አገሩን ለቆ ፓሎ አልቶ ላይ ባለ ኩባንያ ሆነ። በፈረንጆቹ 2012 ቡድኑ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ፕራቪን የቡድኑን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሞ ሳን ሆዜ ላይ ሊያስመርቅ ተነሣ። አብዱልመናንንም አፈላልጎ ቤቱ ጠራው።

"አብዱል፣ ወንድሜ" ብሎ አቀፈው። ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሠርቶ ዛሬም ሙሉ ስሙን አይጠራም። ከዚያ አንዲት ወረቀት አቀረበለት። ያን ጊዜ ለጨዋታው አዲስ ነበርኩ፣ የዳኛውን ምልክት በቅጡ አላወቅሁም፣ ሦስቱን ሩጫ ለመቺው መጻፍ ሲገባኝ በስህተት ለቡድኑ ጻፍኩ ትላለች። ከታች ለፊርማ ቦታ ተትቷል። ከፈረመ ፎቶው ያለበት አንድ ሙሉ ገጽ በመጽሐፉ ይሰጠዋል።

"ሦስት ሩጫ እኮ ናት" አለ ፕራቪን።

"ቦኒፋስ የት ይገባል?"

"ሁለተኛ ይሆናል። ሁለተኛነትም ክብር ነው።"

አብዱልመናን ወረቀቷን ደግሞ አነበባት። ለጨዋታው አዲስ! ያን ዕለት ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሰውየው የሰው ክብር መንጠቁ ሳያንሰው የሚነጥቅበትን ቢላ በእሱ እጅ ሊያስይዘው ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

መኪና ውስጥ ስትጠብቀው የነበረችው ልጁ ካውሰር ነገሩን ሰምታ "አባቢ፣ ኢትስ ኤ ሆል ፔጅ። ጀስት ሳይን ኢት" አለችው።

"ሳይን አላደርግም። እሱ ላም ባልዋለበት ኩበት ይልቀም፤ እኔን ግን ቅርጫት አያሲዘኝም" አላት። ካውሰር ግማሹ ባይገባትም መኪናውን አስነሣች።

የምረቃው ቀን ግን መቅረት አልሆነለትም። ሳን ሆዜ አዳራሽ በር ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀብሎ እንደቆመ ገለጠው። ፕራቪን ዱላውን ይዞ ሙሉ ገጽ ላይ ተንሰራፍቷል፤ የመጀመሪያው ባለ መቶ ይላል። ከሥር በደቃቅ ፊደል፣ በዘመኑ መዝጋቢ የነበረው ስደተኛ ምልክቶቹን ባለማወቁ የፈጠረው ስህተት ታርሟል ተብሎ ተጽፏል። ስሙ የለም። ስደተኛው ብቻ! ባይፈርምም ፈረሙለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ውሸት ከረባት አስሮ በጠዋቱ ተጨበጨበለት።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣና እዚያው አገሩ ላለው ቦኒፋስ ደወለ። ስልኩን ሲያነሣ ትንፋሽ ሳይወስድ ሁሉንም ዘረገፈለት፤ እከሳለሁም አለ፣ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁም አለ።

ቦኒፋስ እስኪጨርስ ጠበቀው። "አውቃለሁ" አለ። "አምና ፕራቪን እዚህ መጥቶ ነበር። ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ኦፕራሲዮኗን እሱ አስደረገላት።"

"እና?"

"ወረቀት ነበረው፤ ፈረምኩ። እኔም ሜዳው ዳር ነበርኩ፣ ኳሷ ዱላውን ስትነካ ሰምቻለሁ፣ መዝጋቢው ነው የተሳሳተው የሚል።"

 አብዱልመናን መቆጣት ፈልጎ የሚቆጣው ሰው ጠፋበት።

"ሚስትህስ?" አለ በመጨረሻ።

"አልሐምዱሊላህ፣ አንተ እንደምትለው። ራት እያቀረበች ነው።"  "መቶ አራቱ የኔ ነው። እኔ ከተውኩት አንተን ምን አንገበገበህ?"

"ያንተ ነው፤ ለወደድከው ስጠው" አለ አብዱልመናን። "እኔን ግን ሥራውን የማያውቅ ሰው አድርገህ አብረህ ሰጠኸኝ።"